አምስተኛው ቋጠሮ

ባለፈው ሳምንት ከልጅ ልጄ ትምህርት ቤት አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ። ወላጆች ቅዳሜ ጠዋት ከክፍል ኃላፊ መምህራን ጋር ተራ በተራ እንደሚነጋገሩ ይገልጽና፣ የሚጠይቁትን አስቀድመው አዘጋጅተው እንዲመጡ ይመክራል። እናቷ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለወጣች ደብዳቤው ለእኔ ደረሰኝ። ሶሊ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሳነበው ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለችም። ምን ልትጠይቂ ነው፣ እማማ፣ አለችኝ። አምስት ጥያቄ አለኝ አልኳትና አራቱን ነገርኳት። አምስተኛውን ለራሴ አስቀረሁት።

ዕድሜዬን በጋዜጣ ዘጋቢነት ነው የጨረስኩት። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ጥያቄ ማዘጋጀት ከየት ተማርሽ ሲሉኝ ከሥራ እያልኩ አልፌያለሁ። ትክክል አልነበረም። የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ እናቴ ደግሞ ማንበብም መጻፍም አትችልም ነበር።

ያኔ አቃቂ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። አዲስ አበባ ልንሄድ ስንነሳ ጎረቤት ተሰናብተን ነበር። ዛሬ ከቃሊቲ ተነስቶ መሀል ከተማ ለመግባት ጊዜ የሚፈጀው መንገዱ ሳይሆን ወረፋው ነው። በዚያ ዘመን ኑሯችንን የሚያዝዙት ሁለት ድምፆች ነበሩ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባና የባቡሩ ጩኸት። የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ያጣውም አይቸገርም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጡሩምባው ሲጮህ የጠዋቱ ሺፍት ይገባል፤ መንገደኛ የሚያመላልሰው ሊቶሪና ሲያልፍ የሰፈሩ ሴቶች የምሳ ድስት ይጥዳሉ፤ ሊቶሪናው የዘገየ ቀን ምሳም ይዘገያል። ከጣቢያው እስከ ገበያ በጋሪ አሥር ሳንቲም ነበር። ቦንቦሊኖ አምስት ሳንቲም፣ ሻይም በብርጭቆ አምስት ሳንቲም። በዋጋው እርግጠኛ ነኝ፣ በዓመተ ምሕረቱ ግን አልምልም። ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ ሻይ ቤት ሬድዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይውላል። አንድ ዘፈን ሲወጣ መንገዱ ሁሉ በእሱ ነው የሚሄደው፤ ጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ጅራፋቸውን በዜማው ልክ ያጮሁ ነበር። ወንዶቹ ካኪ ይለብሳሉ። ሴቶቹ ሥራ ሲገቡ በቀሚሳቸው ላይ የፋብሪካውን ግራጫ ጋዋን ይደርባሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሁሉም ነጠላ ነው። የእኛ የተማሪዎቹ ዩኒፎርም ከዚያው ፋብሪካ የሚወጣ ሰማያዊ ጨርቅ ነበር። ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል፤ በመስከረም የአንድ ቀለም የነበርን ልጆች በሰኔ እያንዳንዳችን የየራሳችን ሰማያዊ ይኖረናል።

አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ከጓዶቹ ጋር ሞጆና አዋሽ ድረስ እየሄደ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል። እናቴ በለጡ ፋብሪካው ውስጥ ክር ቀጣይ ነበረች። በሁለት ረድፍ የመፍተያ መኪናዎች መሀል ስትመላለስ ትውልና ክር በተበጠሰ ቁጥር ሁለቱን ጫፎች ይዛ ትቋጥራለች። አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ ገብቼ አይቻታለሁ። ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፣ ጣቶቿ ብቻ ያዩ ነበር። የቅርብ ጓደኛዋ እትዬ ድንቅነሽ ደግሞ በዚያው ፋብሪካ መጨረሻው ክፍል ጨርቅ መርማሪ ነበረች። ያለቀለት ጨርቅ በጠረጴዛ ላይ ሲያልፍ በእጇ እየዳሰሰች፣ እናቴና መሰሎቿ የቋጠሩትን ቋጠሮ በጥፍሯ ትፈታለች፣ ያልተፈታውን ትነቅላለች። እናቴ ታዲያ እኔ ስቋጥር አንቺ ስትፈቺ ዕድሜያችን አለቀ ትላት ነበር። ድንቅነሽም አንቺ ባትቋጥሪ እኔ ምን እበላ ነበር ብላ ትመልስላታለች።

ትምህርት ቤታችን በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወላጆችን ይጠራል። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ እንደማንኛውም ወላጅ ዝም ብላ ሄዳ ነበር። መምህሩ ጥሩ ናት፣ ትበርታ አላት፤ አመስግና ተመለሰች። አባቴ ምን አለሽ ሲላት ትበርታ አለ አለችው። ሳቀባት። እሱንማ እኔም እዚህ ቁጭ ብዬ እልሻለሁ አላት። እናቴ አልሳቀችም። ነገሩ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጫት ኖረ።

በሚቀጥለው ዓመት ስምንተኛ ክፍል ገባሁ። የዓመቱ መጨረሻ ላይ የሚኒስትሪ ፈተና አለ። ለፈተናው የሚመዘገቡትን ልጆች ስም የሚያስተላልፈው የክፍሉ ኃላፊ መምህር ነው፤ እሱ ያላስገባው ልጅ አይፈተንም። የሒሳብ ውጤቴ ደግሞ ወርዶ ነበር። አባቴ ይህን ሲያይ ተቆጥቶም አይደለም፣ በረጋ ድምፅ፣ ፋብሪካው ክር የምታጠነጥን ልጅ ይፈልጋል፣ መምህሩ ተስፋ ከቆረጠባት ሰኞ እዚያ ትግባ አለ። ለእናቴም ቅዳሜ የሚልሽን ይዘሽልኝ ነይ ብሏት ወደ መስመሩ ወጣ።

እናቴ ዝግጅቷን የጀመረችው ሰኞ ነው። ከሥራ ስትመለስ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትቀመጥና ታስባለች። አንድ ጥያቄ ባገኘች ቁጥር ከነጠላው ጫፍ ላይ ከተንጠለጠሉት ክሮች ሁለቱን ይዛ ትቋጥራለች። እንደ ማንም ቋጠሮ አይደለም፣ እንደ ሥራዋ ነው፤ ትንሽ፣ ጥብቅ ያለ፣ ካልዳሰሱት የማይታይ። ሐሙስ ዕለት አምስት ሆኑ። ዓርብ አመሻሽ ላይ እኔን መምህር አድርጋ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝና ከፊት ለፊቴ ቆማ፣ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው፣ ልጄ የምትደክመው በምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ያልገባትን ትጠይቃለች ወይስ ዝም ትላለች? ሦስተኛው፣ ከማን ጋር ነው የምትቀመጠው? አራተኛው፣ ማንበብ የማልችል እናት ቤት ውስጥ ምን ላድርግላት? እኔም እንደ መምህሩ ድምፄን አጎርንኜ ልጅዎ እጅግ ጎበዝ ናት፣ ጠባይዋም ያማረ ነው እያልኩ መለስኩ። መምህር እንደዚህ አያወራም፣ በደንብ ሥሪ አለችኝ። ከዚያ አምስተኛውን ዳሰሰች። ደወል ሲደወል ክፍል ውስጥ ትገኛለች ወይ?

እዚህ ላይ መምህርነቴ አለቀ።

ቤታችንና ፋብሪካው ከሐዲዱ ወዲያ፣ ትምህርት ቤቱ ከሐዲዱ ወዲህ ነበር። በዚያ ዓመት ጠዋት ጠዋት አንድ የዕቃ ባቡር፣ ጣቢያው ውስጥ ቦታ እስኪለቀቅለት ድረስ፣ መሻገሪያው ላይ ተዘርግቶ ይቆም ጀመር። ረጅም ነው። ኋላው የወንዙ ድልድይ ላይ ይደርሳል፣ ድልድዩን በእግር ማለፍ ክልክል ነው፤ በፊቱ በኩል ደግሞ የጣቢያው አጥር አለ። ልጆቹ በፉርጎዎቹ ሥር እየሾለኩ ያልፉ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ጫልቱ በዚህ አንደኛ ነበረች፤ ደብተሯን በጥርሷ ነክሳ አንድ ጊዜ ጎንበስ ካለች ከወዲያ ማዶ ናት። እኔ አልችልም። አባቴ አንድ የሥራ ጓደኛው የቆመ ፉርጎ ድንገት ተንቀሳቅሶበት እግሩን ሲያጣ በዓይኑ አይቷል፣ እናቴም ይህን ከሰማች ጀምሮ ከፉርጎ ሥር እንዳላልፍ በአቦ አስምላኛለች። ስለዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ። ባቡሩ ሲነሳ እሮጣለሁ፣ ስደርስ ዘበኛው በሩን ዘግቷል። የሚከፍተው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር።

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷ በአሥራ ሁለት ሰዓት ፋብሪካ ስለምትገባ አታየኝም። ብነግራት አባቴ ይሰማል፣ አባቴ ከሰማ ደግሞ መንገዱ ካስቸገራት ፋብሪካው ሐዲድ አያሻግርም ይላል ብዬ ፈራሁ። ለሒሳብ መምህሩም አልነገርኩትም። የክፍላችን ኃላፊ መምህር ታደሰ ጂኦግራፊ የሚያስተምረን ከሰዓት ነው፤ ቀሪ የሚመዘገብበትን መዝገብ አገላብጦ የሚደምረው በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ላይ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። አምስተኛው ጥያቄ ካልተጠየቀ ያ ቅዳሜ በሰላም ያልፋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ወላጆች በረንዳው ላይ በተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። እናቴና እትዬ ድንቅነሽ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ እኔ ከፊታቸው ቆምኩ። ድንቅነሽም ስድስተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ነበራት። ወሬያቸው ስለ አዲሱ ሱፐርቫይዘር ነበር። ድንቅነሽ በራሱ ቤት ሚስቱን የሚፈራ ሰው ፋብሪካ ሲገባ እንዴት አንበሳ እንደሚሆን ታወራለች፣ እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። በዚህ መሀል የነጠላው ጫፍ ድንቅነሽ ጭን ላይ አርፎ ነበር። ጣቶቿ አገኙት። ዓይኗ እናቴ ላይ ነው፣ አፏ ሱፐርቫይዘሩ ላይ ነው፣ ጥፍሯ ግን የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታው። ከዚያ ሁለተኛውን። ምን እየሠራች እንደሆነ እሷ የምታውቀው አይመስለኝም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ቋጠሮ አግኝታ ያለፈችበት ቀን የለም። እኔ ግን ሁለተኛው ላይ ገባኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። አምስተኛው እስኪፈታ ድረስ ቆሜ አየሁ።

የእናቴ ስም ተጠራ። ገብታ ከመምህር ታደሰ ፊት ተቀመጠች፤ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ የስም ዝርዝርና ያልተከፈተ መዝገብ አስቀምጧል። ልጅዎ ድሮ ደህና ነበረች፣ አሁን ሒሳብ ላይ ወርዳለች፣ ልቧ ሥራ ሳያምረው አይቀርም አላትና ጥያቄ እንዳላት ጠየቃት። የእናቴ ጣቶች የነጠላውን ጫፍ ሲፈልጉ አየሁ። አገኙት። ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት፣ እንደገና ተመለሱ። ምንም የለም። ፊቷ ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም፤ ከሰው ፊት ቆሞ የራሱን ስም የረሳ ሰው ፊት ነበር። መምህሩ ውጭ የሚጠብቁትን ወላጆች አየት አደረገ።

"አልማዝ" አለች እናቴ ሳትዞር። "ነይ ግቢ። ትናንት የጠየቅኩሽን ለመምህር ንገሪልኝ።"

ገባሁ። የመጀመሪያውን ተናገርኩ፤ መምህሩ ሒሳብ መሆኑን ደገመው። ሁለተኛውን ስናገር በእኔ ክፍለ ጊዜ ትጠይቃለች አለ። ሦስተኛውን ስናገር ከጫልቱ ጋር ነው አለ። አራተኛው ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠና እናቴን በደንብ አያት። በየማታው ደብተሯን አስከፍተው ዛሬ የተማረችውን ለእርስዎ ታስረዳዎት፣ የተንተባተበችበት ቦታ ያልገባት ነው አላት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ።

"አራት ሆነ" አለች እናቴ።

ሌላ ምንም አልጨመረችም። አልተቆጣችም፣ አምስተኛውስ አላለችም፣ እኔንም ቀና ብላ አላየችኝም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መምህሩም ነገሩ ስላልገባው ጠበቀ። በሥራ ዘመኔ ሚኒስትሮችን፣ ነጋዴዎችን፣ የተከሰሱ ሰዎችን ጠይቄያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ የተቋቋመ ሰው አላየሁም። እኔም አልተቋቋምኩትም።

"ደወል ሲደወል ክፍል ውስጥ ትገኛለች ወይ?" አልኩ።

መምህር ታደሰ መዝገቡን ከፈተ። በቀይ የተጻፉ ምልክቶች በስሜ ትይዩ ባሉት የክፍለ ጊዜ መስመሮች ውስጥ ተደርድረው ነበር። ጣቱን በላያቸው ላይ እያስኬደ ገጽ ገለበጠ፣ ሌላም ገለበጠ፣ ፊቱም እየጠቆረ ሄደ። ከዚያ መዝገቡን ወደ እናቴ አዞረው፤ ማንበብ እንደማትችል የረሳ ይመስለኛል።

"ወይዘሮ በለጡ፣ ይህን ሳላይ ስሟን ላስተላልፍ ነበር። እንዲህ የምትቀር ልጅ ላስመዘግብ አልችልም።"

እናቴ ቀዮቹን ምልክቶች አየቻቸው። "ሁሉም አንድ መስመር ላይ ናቸው" አለች።

"የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው።"

"ሁለተኛው ላይስ?"

መምህሩ ተመለከተ። "የለም።"

"ሦስተኛው ላይ?"

"እሱም ላይ የለም።"

"እንግዲያው ልጄ ሰነፍ አይደለችም፣ መምህር። ፉርጎ ነው የሚያስቀራት።"

ከዚያ የነገረችውን ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማሁት። የጫልቱ እናት የልጇ ዩኒፎርም ጀርባ የባቡር ቅባት እየሆነ፣ በሳሙናም በላርጎም አልለቅ እያላት መቸገሯን ከነገረቻት ቆይታለች። እናቴም የሰፈሩን ልጆች ጀርባ ማየት ጀመረች፤ ከሐዲዱ ወዲያ የሚመጣ ልጅ ሁሉ ጀርባው ላይ ጥቁር ነገር አለ። የእኔን ቀሚስ ግን እሁድ እሁድ የምታጥበው እሷ ናት፤ ጀርባው ንጹሕ ነው።

"ከሥር እንዳታልፍ ያስማልኳት እኔ ነኝ" አለች። "ልጄ ቃሏን ጠብቃ ቆማለች ማለት ነው። ለዚህ ከሆነ የምትቀረው እኔን ይመዝግቡኝ። ካላመኑኝ ሰኞ ጠዋት ወደ እኛ ይሻገሩና ይዩት።"

መምህር ታደሰ ከሳሪስ በኩል በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ሐዲዱን ለመሻገር ምክንያት ኖሮት አያውቅም። ዝርዝሩን እስከ ሰኞ አቆየዋለሁ አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ነጠላዬን ማን ነካብኝ አለች። እትዬ ድንቅነሽ ቆም ብላ ጫፉን ዳሰሰችው፣ ከዚያ የገዛ ጣቶቿን አየች። "እኔ ነኛ። ቋጠሮ ነው ብዬ ነዋ" አለች። እናቴ መንገድ ላይ ቆማ እስክታነባ ሳቀች። ለካ ቅዳሜም ሥራ ላይ ነሽ፣ ትርፍ ሰዓት ይከፍሉሻል አለቻት። ድንቅነሽ ተለይታን ወደ ቤቷ ስትታጠፍ ሳቁ ቆመ። እናቴም አምስተኛውን የተውሽው ረስተሽው ነው ወይ አለችኝ። አይደለም አልኳት። አውቃለሁ አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ሺፍት ተቀያይራ ከእኔ ጋር መሻገሪያው ላይ ቆመች። መምህር ታደሰ በነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት አድርጎ፣ ቀድሞን ደርሶ ነበር። የዕቃ ባቡሩ መጥቶ ተዘረጋ። መምህሩ የእጅ ሰዓቱን ያያል፣ ባቡሩን ያያል። ልጆቹ እሱን ሲያዩ ሊሾልኩ አፈሩ፤ ጫልቱ ግን አላፈረችም፣ ደብተሯን ነክሳ ጎንበስ አለች። ወዲያ ማዶ በወጣችበት ቅጽበት ፉርጎዎቹ ከፊት ወደ ኋላ እየተንኳኩ አንድ እርምጃ ያህል ተንቀሳቀሱ። ከዚያ ደግሞ ቆሙ። ጫልቱ ምንም አልሆነችም፤ መምህሩ ግን ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ትምህርት ቤት ስንደርስ ደወሉ ተደውሎ ነበር። መምህራን የሚፈርሙበት ደብተር ላይ ራሱን አርፋጅ ብሎ ሲጽፍ በመስኮት አይቻለሁ።

ስሜ ተላለፈ። ሒሳብ ወደ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተዛወረ፣ ዘበኛውም ባቡሩ እስኪያልፍ በሩን ገርበብ እንዲያደርግ ታዘዘ። ለጣቢያው ሹም ደብዳቤ ተጽፏል ሲባል ሰምቻለሁ፤ መልስ ስለመምጣቱ ማረጋገጫ የለኝም። ባቡሩ ግን መቆሙን አልተወም። አባቴ በሚቀጥለው እሁድ ማታ ሲመለስ እናቴ አምስቱን ጥያቄ ከነመልሳቸው ነገረችው። ሰማትና ስለ ፋብሪካው ዳግመኛ አላነሳም። ፈተናውን አለፍኩ፤ በሒሳብ ያገኘሁት ግን የሚወራ አልነበረም።

ዛሬ ያ መሻገሪያ መሻገሪያ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሐዲዱ አንዳንድ ቦታ አፈር ለብሷል፣ አንዳንድ ቦታ የሰው አጥር ሥር ገብቷል። ሻይ ቤቱ የነበረበት ጥግ ላይ የሞባይል ጥገና አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሶሊ ጋር ከቃሊቲ ሚኒባስ ይዘን ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድን። ወደ ስብሰባው የሚሄዱ ሌሎች ወላጆችም ተሳፍረዋል፤ ሁሉም ስልካቸው ላይ ናቸው። ሶሊ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አምስተኛው ጥያቄ ምንድን ነው አለችኝ።

የስፖርት ጫማዋን ያጠብኩት ከወር በፊት ነው። ስፖርት በሳምንት ሁለት ቀን አላት። ጫማው እስካሁን ንጹሕ ነው።

"አራቱን ነግሬሻለሁ" አልኳት።

እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ፊት ተመለከትኩ። ረዳቱ ሂሳብ ሰበሰበ፣ ሁለት ሰው ወረደ፣ ሦስት ተሳፈረ። ሳሪስ አቦ ጋ ስንደርስ ሶሊ መናገር ጀመረች።